የቅዳሜ ሰበብ

«ሐይማኖት፣ ልጁ ሲበላ ሰው አይየው። ሰው ማለቴ… መቼም ይገባሻል።»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

የመጀመሪያውን የተናገሩት እትዬ ዓለምፀሐይ፣ የሐይማኖት አማት ናቸው። «ገባኝ» ያለችው ሐይማኖት ናት። ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም የሰማችው «ሰው» ደግሞ ትርንጎ፣ የሐይማኖት እናት ናት። አማት የመሰላቸውን ቢናገሩ አይፈረድባቸውም፤ ግቢውም ቤቱም የእሳቸው ነው፣ ሕፃኑም የልጃቸው የፍፁም ልጅ ነው። «ገባኝ» የሚለው ቃል ግን ዘጠኝ ወር ከተሸከሙት ሰው አፍ ሲወጣ ሌላ ነው። ትርንጎ ነጠላዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ የስምንት ወሩ አቤል በእትዬ ዓለምፀሐይ ነጠላ ተሸፋፍኖ ገንፎ ይጎርሳል። አገሩ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ገና ከጥዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የጣሪያው ቆርቆሮ ከሙቀት የተነሣ ይንጣጣል። ልጁ ግን እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ከውስጥ «ም…ም…» ይላል፣ ማንኪያውም አንዴ አፉን አንዴ አፍንጫውን እያገኘ ይገባል ይወጣል። ከክፉ ዓይን ሊያድኑት ብለው በላብ ሊጨርሱት ነው።

ትርንጎ ልጇን ልታርስ ከደብረ ሲና ወርዳ በዚያው የቀረች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ጆሮ እንጂ አፍ የለውም። ደግሞስ ምን ትላለች? እትዬ ዓለምፀሐይ የጠረጠሩት እውነት ነው። ሐይማኖት ስትዳር እናቷ የሽሮ ነጋዴ ናት ብላ ነበር፤ ሽሮ የሚነግድ ሰው እጅ ግን እንደ ትርንጎ እጅ አይሆንም። አውራ ጣቶቿ ወደ ውጪ ጎብጠዋል፣ መዳፏ ተልጎ የወለወሉት ዕቃ መስሏል። አርባ ዓመት ጭቃ ያሸ እጅ ነው። በአገሯ ባለ እጅ ይባላሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ሁሉ። ሰው ገንቦ ሲያምረው «እናቴ፣ እህቴ» ብሎ ከእነሱ ይገዛል፣ ሆዱን ሲቆርጠው ደግሞ ቡዳ በላኝ ብሎ ስማቸውን ይጠራል። ትርንጎም ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲጎርስ ፊቷን ማዞር ተምራለች። ምግብ በቀረበበት ሁሉ ወይ ግድግዳ ታያለች፣ ወይ የገዛ ጫማዋን። ሠርግ ላይ እንኳ የሙሽራዋን መልክ ሳታይ ወደ ቤቷ የተመለሰችበት ጊዜ አለ።

ከሸክላው በላይ ደግሞ ሌላ ምስጢር አለ። የትርንጎ ወገኖች ከአባት ከአያት ጀምሮ በኦሪቱ ሥርዓት ቅዳሜን ያከብራሉ፣ በድብቅ። እሑድ ከሰው ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ቅዳሜ ግን እሳት አይነድም፣ ሥራ አይሠራም፣ ይህም በሰው ዘንድ እንዳይታወቅ ብዙ ይደከማል። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓርብ ያቦኩትን ጭቃ ከፊታቸው አድርገው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው «በርቱ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ተመስገን፣ ይኸው እንፍጨረጨራለን» ይላሉ፤ እጃቸው ግን ጭቃውን አይነካም። ያቺ የቅዳሜ ገንቦ ሃያ ዓመት ሙሉ «ስትሠራ» ኖራ አንገት እንኳ አላወጣችም። የጠየቀም አልነበረም፤ ሰው ጭቃውን አይቶ ያልፋል። ትርንጎም በልጇ ቤት ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሾ በሰፌድ አድርጋ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ማሾ አንዲት ጠጠር ለቅማ አታውቅም። ስለዚህ ነገር ከሐይማኖት ጋር በአፍ ተነጋግረው አያውቁም። ልጄ በልጅነቷ አይታ ይሆናል፣ አሁን ረስታዋለች፣ ብትረሳውም ይሻላታል ብላ ትታዋለች።

ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት አንድ ነገር ባይፈጠር ኖሮ ዛሬም እዚያው ሰፌዷ ፊት ትቀመጥ ነበር። እግሩ የተሰበረ የከሰል ምድጃ ልታስበይድ ወደ አንድ ብየዳ ቤት ሄዳ ሳለች በያጁ፣ ሙሉቀን የሚባል ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ ከምድጃው ይልቅ እጇን ያይ ጀመር።

«እማማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይሠራሉ?» አላት።

«እሠራለሁ!» አለች ትርንጎ ከአፉ ነጥቃ።

«ምን?»

«ሥራ ነዋ!»

ሙሉቀን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እስኪያነባ ሣቀ። «እናቴም እንደዚሁ ነበር የምትመልሰው» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ፣ እሷን ያስደነገጣትም ይህ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል «እኛ ቅዳሜ የምንሰበሰብበት ምኩራብ አለን። ከሽንኩርት መጋዘኑ ጀርባ፣ የወይዘሮ ሙሀባ ግቢ፣ አረንጓዴ በር። ከመጡ ደስ ይለናል፣ ካልመጡም አንቀየምም» አላት። ትርንጎ ምድጃዋን አንጠልጥላ ከዚያ ቤት የወጣችው እንደ ሌባ ነው። ሁለት ቅዳሜ አልሄደችም። በሦስተኛው ቅዳሜ «ገባኝ» የሚለውን ቃል ሰማች፣ ከዚያ በኋላ ማሾው ፊት መቀመጥ አስጠላት። ሰው ሳይሸሽጋት፣ እሷም ሰው ሳትሸሽግ የምትቀመጥበት ቦታ መኖሩን አንድ ጊዜ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ብትያዝ ግን ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ወሬው ከደረሰ የልጇ ትዳር ይናጋል፣ እሷም በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ደብረ ሲና ነው።

«ሽንኩርት ገዝቼ ልምጣ» አለች ዘንቢሏን አንስታ።

«ኪሎውን ከስድሳ ብር በላይ እንዳይገዙ» አሉ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ በፍጹም ትሕትና። «ባለፈው ሰባ አምስት አስገብተውብኛል። ደግሞ ከሥር ያለውን ይዩት፣ ከላይ ደረቁን ደርድረው ከሥር የበሰበሰ ይሸጣሉ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሐይማኖት ቀና ብላ አላየቻትም። ትርንጎም በዘንቢሉ ውስጥ አንድ ብር እንኳ እንደሌለ አልተናገረችም፤ በሰንበት ገንዘብ አይያዝም። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ አንድ ባለባጃጅ «እማማ፣ በዚህ ፀሐይ! ይግቡ፣ ሃያ ብር ብቻ» እያለ አብሯት ይንፏቀቅ ጀመር። ሐኪም በእግር ሂጂ ብሎ አዞኛል አለችው። የት ሐኪም ቤት እንደሆነ ሲጠይቃት ደሴ አለች፣ ደሴ ሄዳ አታውቅም። ለአንድ ሰንበት ስንት ውሸት እንደሚያስፈልግ እሷው በልቧ ስትቆጥር ሦስት ደረሰች። አረንጓዴውን በር አገኘችው። አየችውና አለፈችው። እስከ መጋዘኑ ጫፍ ሄዳ ተመልሳ ደግማ አለፈችው። በሦስተኛው ላይ በሩ ሥር ባለው ጥላ ጀሪካን ላይ የተቀመጡ ሻሽ ያሰሩ ሴት ጮኸው ጠሯት።

«እህቴ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ካለፍሽ ወላሂ በሩን ሰማያዊ አስቀባዋለሁ! ግቢ እንጂ!»

እኚህ የግቢው ባለቤት ሙሀባ ናቸው፤ ከአሊዩ አምባ በኩል የወረዱ የአርጎባ ሰው፣ የማሾ ነጋዴ። የግቢያቸውን ትልቁን ክፍል ለምኩራቡ አከራይተዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። ትርንጎን ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አሉ።

«ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ዘንቢሎች በስተግራ ናቸው።»

ትርንጎ ወደ ጥጉ ስታይ አፏን ከፈተች። ከግድግዳው ሥር አምስት ባዶ ዘንቢል ተደርድሯል። አጠገቡ ሁለት መቆፈሪያ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የሸማኔ መወርወሪያ፣ የሞተር ሳይክል ጎማ፣ አንድ እግር የጎደለው በርጩማና እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ አለች። ሁሉም ሰበብ ነው። ምኩራቡ በይፋ ተከፍቶ፣ ሙሉቀንም በየብየዳ ቤቱ እየለፈፈ፣ ምእመኑ ግን ከቤቱ ሲወጣ አሁንም ለጎረቤት የሚያሳየው አንድ ነገር ካልያዘ እግሩ አይራመድለትም። በሰንበት ሸክም ክልክል አይደለም ወይ ብሎ የተከራከረ ነበር፤ ጋሼ ተፈራ የሚባሉት አሮጌ ሸማኔ «ባዶ ዘንቢልም፣ ዶሮም ሸክም አይባልም» ብለው ፈርደዋል። ፍርዱ ለራሳቸው እንዲመች ነው፤ ዶሮዋ የእሳቸው ናት። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ልሸጣት ነው ብለው ይዘዋት ይወጣሉ፣ ይዘዋት ይመለሳሉ፣ ጎረቤቶቻቸውም በሮቢት እንደ እሳቸው ያለ ገበያ የማይሆንለት ነጋዴ የለም ብለው ያዝኑላቸዋል።

«እናንተ ሰዎች የምትፈሩት ፈጣሪን ነው ጎረቤትን?» አሉ ሙሀባ። «እኛ ጁምዓ ስንሰግድ ለማንም ዶሮ አናሳይም። በይ ጫማሽን አውልቂና ግቢ።»

ትርንጎ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። «ማን ነሽ? የማን ዘር ነሽ? በምን እናምንሻለን?» የሚላት ሰው ይኖራል ብላ መንገዱን ሙሉ ሦስት መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ የአያት ስም፣ የመንደር ስም፣ የመጨረሻው ደግሞ ለቅሶ። ማንም አልጠየቃትም። ትንሽ ቅር አላት፤ ያን ያህል የተዘጋጀችበት መልስ ሳይፈለግ ቀረ። በኋላ እንደሰማችው እዚያ ቤት ማንም ማስረጃ አይጠየቅም። ሁለት ወንዶች ባለ እጅ አይደሉም፤ አንዱ የትምባሆ እርሻ ሠራተኛ ሲሆን ዜማው ጥሞት በዚያው የቀረ ነው፣ ሌላው ሚስቱን ሊያደርስ እየመጣ በር ላይ ሲቆም ከርሞ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ከበቡሽ ትባላለች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት። «ሰንበት ሰላም» አለቻት በጆሮዋ። ትርንጎ መልሱን የምታውቀው አልመሰላትም፣ ግን አፏ ቀድሟት «ሰንበት ሰላም» አለች።

ሙሉቀን ነጭ ጋቢ ለብሶ ኦሪቱን ያነባል፣ ዶሮዋ ከውጪ በየአንቀጹ ትቀበለዋለች። ጋሼ ተፈራ በግዕዝ ጸሎት ሲጀምሩ ትርንጎ ቀና አለች። ቃሉን ታውቀዋለች። እናቷ ያን የማያልቅ ጭቃ ፊት ለፊታቸው አድርገው የሚያጉተመትሙት ይሄንኑ ነበር፤ እሷ በልጅነቷ ጭቃውን የሚራገሙ ይመስላት ነበር። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት፣ ጸሎት ሲያደርሱ ኖረዋል። ትርንጎ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት፣ እስኪያማት ድረስ። አለቀሰችም። የጸሎቱን መጨረሻ አብራ አለች፣ ግማሹን ተሳስታ፣ ማንም ዞሮ አላያትም።

ከዚያ ዓርብ የተጋገረ ድፎ ዳቦ መጣ። ጋሼ ተፈራ ባረኩት፣ ተቆርሶ ለየሰው ታደለ። ትርንጎ ቁራሿን ተቀብላ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሠላሳ ሰው ዳቦ ይዞ የማኘክ ድምፅ ከአንድ ጥግ ብቻ መሰማቱ ገርሟት በዓይኗ ጠርዝ አጮለቀች። ሰው ሁሉ ዳቦውን በእጁ ይዞ አንጋጦ ጣሪያውን ያያል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በያጁ፣ ባልቴቷ፣ ልጃገረዷ፣ ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ቆርቆሮውን። ዕድሜ ልኩን የሰው ጉርሻ አትይ የተባለ ሕዝብ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቷል። ሁለቱ ባለ እጅ ያልሆኑት ወንዶች ብቻ በሰላም ያኝካሉ።

«ይኸው ደግሞ ጀመራችሁ!» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ጣሪያው ላይ ምን አለ? ስንት ጊዜ ልናገር? ተያዩ!»

ይህ የምኩራቡ ሥርዓት ነው፤ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፣ እዚሁ ሮቢት ላይ በግድ የተፈጠረ ነው። እያንዳንዱ ሰው አጠገቡ ያለውን ያጎርሳል፣ እስኪውጥም ድረስ አፉን ማየት አለበት። ከበቡሽ ወደ ትርንጎ ዞረች። ትርንጎ ከዳቦው ቆርሳ አጎረሰቻት። አምሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሰው ሲበላ በቅርብ አይታ አታውቅም፤ ጉንጭ እንዲህ እንደሚነፋ፣ ጉሮሮ እንዲህ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ዛሬ ገና አየች። ከበቡሽ ዋጠችና ዓይኗን አፍጥጣ «እንዴት ነው፣ ሞትኩ?» አለቻት።

«እስካሁን ደኅና ነሽ» አለች ትርንጎ።

ሁለቱም ሣቁ። ከወዲያ ማዶ ያሉትም ሣቁ፣ ሣቁ ክፍሉን ዞረው። ትርንጎ አፏን ከፈተች፣ ከበቡሽ አጎረሰቻት፣ ትክ ብላም አየቻት። እንዲህ መታየት ለካ ደስ ይላል።

የሙሀባ ድምፅ ከበር የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው። «ትርንጎ የምትባል አለች? ልጅ አዝላ የምትፈልጋት ሴት መጥታለች። ደግሞ ባዶ እጇን ነው!»

ትርንጎ ዳቦውን ሳትጨርስ ወጣች። ሐይማኖት አቤልን አዝላ፣ በላብ ተጠምቃ፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ገበያውን ሁሉ ዞራ ስታጣት አንድ ባለባጃጅ ሐኪም በእግር እንድትሄድ ያዘዘላትን እናት ወዴት እንደገባች ነግሯታል።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሽንኩርት…» አለች ትርንጎ። ከዚያ ደከማት። አምሳ አምስት ዓመት ያህል ደከማት። «ሰንበት እያከበርኩ ነው፣ ልጄ። የእናቴ ሰንበት ነው። አውቃለሁ፣ እትዬ ዓለምፀሐይ ይሰማሉ፣ ትዳርሽም… ግድ የለም፣ ሰኞ ወደ አገሬ እመለሳለሁ።»

ሐይማኖት ዓይኗን ወደ ጫማዋ አወረደች። ሙሀባ እንኳ ወሬ ማቆም እንዳለባቸው ገባቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን የሚያመኝ ለምን ይመስልሻል?» አለች።

ትርንጎ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይማኖት ራሷን በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች፣ ልብስ አታጥብ፣ እሳት አታነድ። «ይሄን ሁሉ ዳማከሴ አሽቼ ሳጠጣሽ!» አለች።

«ጠጣሁልሽ እኮ። በጣም ይመራል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ? ያችኑ አንዲት ሰፌድ ማሾ ስምንት ወር ስትለቅሚ!» ሐይማኖት ስትስቅ እንባዋ መጣ። «ጥዋት ገባኝ ያልኩት… እንደሰማሽ አውቄያለሁ። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት። አፌን ይቁረጠው።»

«አይቁረጠው፣ ዳቦ አለ» አለች ትርንጎና እጇን ይዛ አስገባቻት።

ወደ ቤት የተመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ዓለምፀሐይ ወገባቸውን ይዘው ግቢው መሐል ቆመዋል። «የት ጠፋችሁ? አገር ስናስስ!» አሉ። ትርንጎ የለመደችውን ልትል አፏን ስትከፍት ሐይማኖት ቀደመቻት።

«ምኩራብ ነበርን፣ እትዬ። ከሰዎቻችን ጋር። እኔም እናቴም ባለ እጅ ነን፣ ቅዳሜ ሰንበታችን ነው። ፍፁም ያውቃል፣ ከሠርጋችን በፊት ነግሬዋለሁ።»

የእትዬ ዓለምፀሐይ ፊት ቀላ፣ ጠቆረ፣ ብዙ ነገር ሊሉ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በመጨረሻ የወጣው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው።

«ራስ ምታቱስ?»

«ራስ ምታት የለም፣ እትዬ። ሰበብ ነበር።»

«የለም?» አሉ እትዬ ዓለምፀሐይ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «ከተዳርሽ ጀምሮ ስድስት ዓመት! በእነዚህ ጉልበቶቼ ዳገት እየወጣሁ፣ በጀሪካን ጠበል እየተሸከምኩ፣ ለአንቺ ራስ ስድስት ዓመት!»

ሐይማኖት ይህን አላሰበችበትም፤ አንገቷን ደፋች። ለምራታቸው ብለው ስድስት ዓመት ዳገት የወጡ ሴት ናቸው እኮ፣ ይህን ደግሞ ማን ይክዳል? ትርንጎ ወደ ቤት ገብታ ለእንግዳ ብቻ የምትወጣውን ባለ ትራስ ወንበር አወጣች፣ ጥላው ሥር አደረገቻት፣ በመዳፏም ጠረገቻት።

«እትዬ ዓለምፀሐይ፣ ይቀመጡ» አለች። «ዛሬ በዚህ ቤት ሥራ የለም። እርስዎም ይረፉ፣ ደክሞዎታል።»

እትዬ ዓለምፀሐይ ተቆጥተው ብድግ ሊሉ ፈለጉ። ግን ቀድሞውንም ቆመው ነበር። ሌላ የሚሆን ነገር ስላጡ ተቀመጡ።